የደነደነው ታችፓድ፦ የአንድ ዘገምተኛ ላፕቶፕ የጉዳይ ጥናት

ይህን ጉዳይ ለመጻፍ ያነሳሳኝ ጥገናው የተለየ ስለነበረ አይደለም። ኮምፒውተር የሚጠግን ሰው ሁሉ እንዲህ ያለ ላፕቶፕ በየጊዜው ይገጥመዋል። ያነሳሳኝ የሥራውን ቅደም ተከተል ማበላሸቴ ነው። መጀመሪያ ማየት የነበረብኝን በሁለተኛው ቀን አየሁት፤ ያውም በአጋጣሚ።

## ኮምፒውተሩና ባለቤቱ

ባለቤቱ ዕድሜያቸው ከስልሳ ያለፈ፣ በቤታቸው ሆነው የሚሠሩ ሴት ተርጓሚ ናቸው። በቀን ስምንት ዘጠኝ ሰዓት ከላፕቶፑ ጋር ያሳልፋሉ። ማሽኑ ስድስት ዓመት ያገለገለ፣ መካከለኛ አቅም ያለው ነው፤ 4 ጊጋባይት ራም፣ 1 ቴራባይት ሃርድ ዲስክ፣ ዊንዶውስ 10። ቻርጀሩ ከጠዋት እስከ ማታ ከሶኬት አይነቀልም። ጀርባቸውን ስለሚያማቸው ከሰዓት በኋላ አልጋ ላይ ጋደም ብለው፣ ላፕቶፑን ትራስ ላይ አስቀምጠው ይሠራሉ። ይህን የመጨረሻውን የነገሩኝ ሥራው ከተጋመሰ በኋላ ነው። እኔም ቀድሜ አልጠየቅኋቸውም።

ያመጡት ቅሬታ አጭር ነበር። «ልጄ፣ ይህ ነገር አርጅቷል። ልቀይረው ወይስ ይድናል?» አሉኝ። እስኪነሣ አራት ደቂቃ ይፈጃል፤ ማራገቢያው እንደ ወፍጮ ይጮኻል፤ ከሶኬት ሲነቀል ባትሪው 40 ከመቶ እያሳየ ድንገት ይጠፋል። ከዚያ ሊሄዱ ሲሉ፣ እግረ መንገዳቸውን፣ «ታችፓዱም ደንድኗል፤ ሲጫኑት እንደ በፊቱ አይወርድም» አሉ፤ ከኪቦርዱ ፊት ያለውን፣ በማውስ ፈንታ በጣት የሚነካውን ሰሌዳ ማለታቸው ነው።

ሦስቱን ቅሬታዎች ማስታወሻዬ ላይ ጻፍሁ። አራተኛውን አልጻፍሁም።

## የመጀመሪያው ምሽት

ዘገምተኛ ኮምፒውተር ሲመጣልኝ እጄ በልማድ ወደ ታስክ ማናጀር ይሄዳል፤ የትኛው ፕሮግራም ኮምፒውተሩን እንደሚያደክም የሚያሳይ የዊንዶውስ መስኮት ነው። እዚያ ያየሁት ብዙ የሚያስደንቅ አልነበረም። ኮምፒውተሩ ከተነሣ በኋላ ለደቂቃዎች ያህል የዲስኩ ሥራ 100 ከመቶ ላይ ተሰቅሎ ይቆያል። ከዊንዶውስ ጋር አብረው የሚነሡት ፕሮግራሞች 23 ናቸው። ሁለት የተለያዩ ጸረ ቫይረሶች ተጭነዋል፤ ሁለቱም እያንዳንዱን ፋይል ሲከፈት ሊመረምሩ ይሽቀዳደማሉ። ከእነርሱ ጎን «ኮምፒውተርዎን አፋጥናለሁ» የሚል ፕሮግራም ተቀምጧል፤ ዋናው ሥራው በየሰዓቱ ማስጠንቀቂያ እያወጣ ክፍያ መጠየቅ ነው።

አንድ ነገር ግን አስቆመኝ። ኮምፒውተሩ ሳይዘጋ የቆየበት ጊዜ 41 ቀን ይላል። ደውዬ ስጠይቃቸው ቅር አላቸው። «በየማታው እዘጋዋለሁ እኮ!» አሉ። እውነታቸውን ነበር። እ.ኤ.አ. በ2012 ከወጣው ዊንዶውስ 8 ጀምሮ «ፋስት ስታርትአፕ» የሚባል አሠራር አለ። «ሻት ዳውን» ሲባል የተከፈቱት ፕሮግራሞች ይዘጋሉ፤ የስርዓቱ እምብርት ግን አይዘጋም። እንዳለ ዲስክ ላይ ይጻፍና በማግሥቱ ተመልሶ ይጫናል። ስለዚህ ውስጡ የተጠራቀመው ችግር ሁሉ አብሮ ያድራል። በትክክል ከዜሮ የሚነሣው «ሪስታርት» ሲባል ነው። አብዛኛው ሰው ተቃራኒውን ያስባል፤ መዝጋት ከሪስታርት የበለጠ ዕረፍት ይመስለዋል። እኔም ይህን አሠራር ባላውቅ ኖሮ እንደዚያው አስብ ነበር።

ሁለቱንም ጸረ ቫይረሶች አወጣሁና ከዊንዶውስ ጋር የሚመጣውን ጸረ ቫይረስ ብቻ አስቀረሁ። አፋጣኝ ነኝ ባዩን ፕሮግራም አጠፋሁ። አብረው ከሚነሡት 23 ፕሮግራሞች 5ቱ ብቻ እንዲቀሩ አድርጌ ሌሎቹን አቆምሁ። ፋስት ስታርትአፕን ዘጋሁ። የባትሪውን ሁኔታም ዊንዶውስ ራሱ በሚያወጣው ሪፖርት አየሁ፤ አዲስ ሳለ 41 ዋት ሰዓት ይይዝ የነበረው ባትሪ አሁን ሲሞላ የሚይዘው 15.6 ዋት ሰዓት ነው፤ 38 ከመቶ። «ያረጀ ባትሪ» ብዬ አለፍሁት።

ሦስት ሰዓት ሙሉ ሠርቼ ኮምፒውተሩ የሚነሣበት ጊዜ ከ4 ደቂቃ ከ10 ሰከንድ ወደ 3 ደቂቃ ከ20 ሰከንድ ወረደ። ደክሞኝ ነበርና ቻርጀሩን እንደሰካሁት ትቼው ተኛሁ። ዛሬ ይህን ዓረፍተ ነገር ስጽፍ ደስ አይለኝም።

## ያልሰማሁት ምልክት

በማግሥቱ ጠዋት ላፕቶፑን ጠረጴዛ ላይ አድርጌ ስጽፍ ተንገዳገደ። በግራ ስጫነው ቀኙ ይነሣል። ጠረጴዛው ነው ብዬ ወረቀት አጣጥፌ ከእግሩ ሥር ልሰካ ጎንበስ ስል፣ ዓይኔ ከላፕቶፑ ጠርዝ ትክክል ሆነ። የታችኛው ክዳን መሐሉ ላይ እንደ ሰሐን ጀርባ ጎብጧል። በፊት ለፊቱ ጠርዝ፣ ከታችፓዱ ሥር፣ ጥፍር የሚያስገባ ክፍተት ተከፍቷል።

ባትሪው አብጧል። ታችፓዱ ደንድኖ ሳይሆን ከሥሩ የሚወርድበት ቦታ አጥቶ ነው። ባለቤቱ በሽታውን በመጀመሪያው ደቂቃ ነግረውኛል፤ የባትሪው ሪፖርት ደግሞ የዕቃውን አቅም እንጂ ቅርጹን አይናገርም።

የላፕቶፕ ባትሪ ሊትየም አዮን ነው። በውስጡ ያለው ፈሳሽ በሙቀትና በእርጅና ሲበላሽ ጋዝ ይፈጥራል፤ ጋዙም በታሸገው ከረጢት ውስጥ ተጠራቅሞ ይነፋዋል። ያበጠ ባትሪ ከተበሳ ወይም በኃይል ከተጫኑት በውስጡ ያሉት ንጣፎች ይነካካሉ፤ በራሱ ሙቀት እየተባባሰ ሊቀጣጠል ይችላል። ሌሊቱን ሙሉ ቻርጅ ሲደረግ ያደረው ይኸው ባትሪ ነው።

ቻርጀሩን ነቀልሁ፤ ኮምፒውተሩን ዘጋሁ፤ ሊቀጣጠል ከሚችል ነገር ራቅ አድርጌ አስቀመጥሁት። እስኪቀዘቅዝ ከጠበቅሁ በኋላ ከፈትሁት። ክዳኑን የያዙት 11 ብሎኖች ናቸው፤ ሁለቱ ከጎማ እግሮቹ ሥር ተደብቀዋል። ርዝመታቸው ሦስት ዓይነት ነው። ወረቀት ላይ የክዳኑን ቅርጽ ሥዬ እያንዳንዱን ብሎን በቦታው በማጣበቂያ ወረቀት ለጠፍሁ። ይህ ጊዜ የሚያባክን ይመስላል፤ ነገር ግን ረጅሙን ብሎን በአጭሩ ቦታ ያስገባ ሰው ኪቦርዱን ከሥር ወደ ላይ ወግቶ ያበላሸዋል። አንድ ጊዜ አድርጌዋለሁ።

ባትሪው ከአራት ብሎኖች ሌላ በምንም አልተያዘም፤ ዕድለኛ ነበርን። ማገናኛውን በፕላስቲክ መፍቻ ካላቀቅሁ በኋላ ሳላጥፍና ሳልጫን አነሣሁት። ከሦስቱ ክፍሎች መሐለኛው እንደ ትራስ ተነፍቷል። አሸዋ ባለበት የብረት ዕቃ ውስጥ ከቤት ውጭ አኑሬው፣ አደገኛ ቆሻሻ ለሚቀበሉ ሰዎች አስረከብሁ። ከቤት ቆሻሻ ጋር የሚጣል ዕቃ አይደለም።

## ፋይሎቹ

አብዛኞቹ ላፕቶፖች ባትሪ ባይኖራቸውም በቻርጀር ብቻ ይሠራሉ፤ ይህኛውም ሠራ። ሽቦው በተነካ ቁጥር ግን ድርግም ብሎ ይጠፋል፤ ስለዚህ ሽቦውን ከጠረጴዛው እግር ጋር አሰርሁት።

አሁን የዲስኩን ጤና ጠየቅሁ። ሃርድ ዲስክ ስለራሱ የሚይዘው መዝገብ አለ፤ ነጻ ፕሮግራሞች ያነቡታል። 24 የተበላሹ ቦታዎች በመጠባበቂያ ተተክተዋል፤ 8 ደግሞ «ማንበብ አቅቶኛል፣ ውሳኔ ይጠብቃሉ» በሚል ተመዝግበዋል። የመጀመሪያው ቁጥር ባለበት ከቆመ ብዙ አያስደነግጥም። ሁለተኛው ግን «ዛሬውኑ ቅዳ» ማለት ነው።

የ11 ዓመት ትርጉም የተቀመጠው በዚህ ዲስክ ላይ ብቻ ነበር። መጠባበቂያ ቅጂ እንዳላቸው ስጠይቃቸው አንድ ፍላሽ አሳዩኝ፤ በውስጡ የነበሩት ፋይሎች ግን የአራት ዓመት ዕድሜ ያላቸው ነበሩ። የሰነዶቹ ማህደር 64 ጊጋባይት ነው። ወደ ውጫዊ ዲስክ መቅዳት ጀመርሁ። ማህደሩን በሙሉ አንድ ላይ መጎተት የበሽተኛ ዲስክ ጠላት ነው፤ አንድ የማይነበብ ፋይል ሲያገኝ ሁሉንም ያቆመዋል። ስለዚህ በቅድሚያ የዘንድሮውን ሥራ፣ ከዚያ የቃላት ዝርዝሮቻቸውን፣ ከዚያ የቆየውን እያልሁ በክፍል በክፍል ቀዳሁ።

ሦስት ፋይሎች አልነበብ አሉ። ሁለቱ ለደንበኞች በኢሜይል ተልከው ስለነበር ከዚያ ተገኙ። ሦስተኛው ባለቤቱ ለዓመታት ያጠራቀሙት የሕግ ቃላት ዝርዝር ነበር፤ ለባልደረባቸው ከሁለት ዓመት በፊት የላኩት ቅጂ ብቻ ተረፈ። ከዚያ ወዲህ ያስገቡት ቀረ። ስነግራቸው ለጥቂት ጊዜ ዝም አሉ፤ ከዚያም «ግማሹ በጭንቅላቴ አለ» አሉ።

## አቧራውና ሙቀቱ

ማራገቢያውን ከማውጣቴ በፊት ኮምፒውተሩን ሥራ አብዝቼበት ሙቀቱን ለካሁ፤ ፕሮሰሰሩ 97 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ደረሰ። እዚህ ሙቀት ላይ ፕሮሰሰር እንዳይቃጠል ብሎ በራሱ ፍጥነቱን ይቀንሳል፤ ተጠቃሚው የሚያየው ግን «ዘገየ» የሚለውን ብቻ ነው።

ማራገቢያው ላይ ያለው አቧራ ትንሽ ነው። ችግሩ ያለው ማራገቢያው አየሩን በሚገፋባቸው ቀጫጭን የብረት ክንፎች አፍ ላይ ነው፤ ከውጭ አይታይም። ማራገቢያውን ሳነሣ አቧራው ተጠቅጥቆ፣ ተባዝቶ የተዳመጠ ጥጥ መስሎ ነበር። በወረንጦ ጫፉን ይዤ ስስበው ሳይበጠስ፣ የክንፎቹን መስመር እንደያዘ አንድ ወጥ ሆኖ ወጣ። የብርድ ልብስና የትራስ ጭረቶች በዓይን ይታዩበታል። «አልጋ ላይ ይሠራሉ እንዴ?» ብዬ የጠየቅኋቸው ያን ጊዜ ነው።

የቀረውን በታመቀ አየር አጸዳሁ፤ ማራገቢያው እንዳይሽከረከር በጣቴ ይዤው ነበር። አየሩ በኃይል ሲያሽከረክረው መሸከሚያው ሊጎዳ ይችላል። የቤት ቫኪዩም ግን አልጠቀምም፤ የሚፈጥረው የማይታይ ኤሌክትሪክ ረቂቅ ክፍሎችን ሊገድል ይችላል። የፕሮሰሰሩን ሙቀት ወደ ማቀዝቀዣው የሚያሻግረውን የደረቀ ቅባት (ቴርማል ፔስት) በአልኮል ጠርጌ በምትኩ አዲስ የአተር ፍሬ የምታህል ጠብታ አደረግሁ። በተመሳሳይ ሥራ ሲለካ 76 ዲግሪ ሆነ። የወፍጮው ድምፅም ቆመ።

ያኔ ነገሩ ሁሉ በአንድ ክር ተያያዘ። ትራሱ ከሥር ያለውን የአየር መግቢያ ይደፍናል፤ ጭረቱ ክንፎቹን ይዘጋል፤ ሙቀቱ መውጫ ያጣል። ባትሪው በዚያ ሙቀት ላይ ዓመት ከዓመት 100 ከመቶ ተሞልቶ ይቀመጣል። ሊትየም አዮን በጣም የማይወዳቸው ሁለት ነገሮች ሙቀትና ሙሉ ሆኖ መቆየት ናቸው፤ እዚህ ሁለቱም አብረው ነበሩ።

## ዲስኩን መቀየር

በደቂቃ 5400 ጊዜ የሚሽከረከር ዲስክ አንድ ዙር ለመጨረስ 11 ሚሊሰከንድ ይፈጅበታል። አንዲት ትንሽ ፋይል ለማንበብ በአማካይ ግማሽ ዙር ይጠብቃል፤ መርፌው ከቦታ ቦታ የሚሄድበት ጊዜ ሳይቆጠር ማለት ነው። ዊንዶውስ ሲነሣ እንዲህ ያሉ ጥቃቅን ፋይሎችን በሺሕ የሚቆጠር ጊዜ ያነብባል። ኤስኤስዲ፣ ማለትም መረጃን በቺፕ ላይ የሚይዘው የዲስክ ዓይነት፣ ምንም የሚሽከረከር ነገር ስለሌለው ይህ መጠበቅ የለበትም። በአሮጌ ላፕቶፕ ላይ ከሚደረጉ ለውጦች ሁሉ የሚበልጠው ይህ ነው፤ በዚህ ነገር ብዙ አልከራከርም።

ባለ 2.5 ኢንች የሳታ ኤስኤስዲ ገጠምሁ፤ በባዶው ማስገቢያ 8 ጊጋባይት ራም ጨመርሁ። ፕሮሰሰሩ ስለሚፈቅድ ዊንዶውስ 11ን እንደ አዲስ ጫንሁ። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አቁሟል፤ የደንበኞችን ሰነድ የሚይዝ ሰው እዚያ ላይ መቆየት የለበትም። ኮምፒውተሩ አሁን በ19 ሰከንድ ይነሣል።

## ያልሠሩ ሙከራዎች

በመጀመሪያ አሮጌውን ዲስክ እንዳለ ወደ ኤስኤስዲው ልገለብጥ ሞክሬ ነበር። 71 ከመቶ ላይ የማይነበበው ቦታ ደርሶ ቆመ፤ ደግሜ ሞከርሁ፤ አሁንም እዚያው። ግማሽ ቀን ከፈጀብኝ በኋላ ተውሁት። ቢሳካም የስድስት ዓመት ዝባዝንኬ ወደ አዲሱ ቤት ይሻገር ነበር።

የመጀመሪያው ምትክ ባትሪ ቅርጹም ማገናኛውም ልክ ነበር። ጽሑፉን ሳነብ 7.6 ቮልት ይላል፤ አሮጌው 11.4 ቮልት ነው። አንዱ ሁለት፣ ሌላው ሦስት ክፍል ያለው ነው። መለስሁት። ባትሪ ሲገዛ የላፕቶፑን ስም መናገር አይበቃም፤ በአሮጌው ባትሪ ላይ የታተመውን የክፍል ቁጥርና ቮልት ፎቶ አንስቶ መሄድ ይሻላል።

ሦስተኛው ስህተት የራሴ ነው። ዲስኩን ያለ ቁልፍ እንዳይነበብ በሚያደርገው የዊንዶውስ አሠራር፣ በቢትሎከር፣ ቆልፌ ከጨረስሁ በኋላ፣ ጥበቃውን ለጊዜው ሳላቆም ባዮሱን (ከዊንዶውስ በፊት ኮምፒውተሩን የሚያስነሣውን ፕሮግራም) አሻሻልሁ። ኮምፒውተሩ ሲነሣ ባለ 48 አኃዝ የመልሶ ማግኛ ቁልፍ ጠየቀ። ቁልፉ በባለቤቱ የማይክሮሶፍት አካውንት ውስጥ ተቀምጧል፤ ለመግባት የሚጠየቀው ኮድ ግን የሚላከው ከተውት ሁለት ዓመት ወደ ሆነው ስልክ ቁጥር ነው። ያዳነን አካውንቱ በአሁኑ ስልካቸው ላይ ተከፍቶ መገኘቱ ብቻ ነው። ያን ምሽት ቁልፉን በወረቀት ጻፍን፤ የስልክ ቁጥሩንም ቀየርን።

## ለሌላ ኮምፒውተር የሚተርፈው

ዘገምተኛ ላፕቶፕ ሲመጣልኝ አሁን መጀመሪያ አልከፍተውም። ዘግቼ ጠፍጣፋ ነገር ላይ አስቀምጬ አራቱንም ማዕዘን በጣቴ እጫናለሁ፤ ጠርዙን በዓይኔ ትክክል አያለሁ፤ ታችፓዱን እጫናለሁ። ግማሽ ደቂቃ ይፈጃል። ያበጠ ባትሪ ካለ ሌላው ሁሉ ይቆማል፤ ቻርጅ ማድረግም ጭምር። ራሱን ማመን ያልቻለ ሰው እዚህ ላይ ለባለሙያ ይስጥ፤ ባትሪ መማሪያ አይሆንም።

ቀጥሎ ፋይሎቹ ናቸው፤ ከማጽዳትም፣ ከማፍጠንም፣ ከማሻሻልም በፊት። ከዲስኩ ውጭ አንድ ቅጂ፣ ከቤት ውጭ ደግሞ ሌላ አንድ ቅጂ። ፍላሽ መኖሩን ሳይሆን ቀኑን ጠይቁ።

ሰው ሊሄድ ሲል «ደግሞ ይህም አለ» ብሎ የሚጥላትን ነገር ጻፉ። ባለቤቱ ዋና ያሉት ቅሬታ የሚያናድዳቸው ነው፤ ዋናው በሽታ ላይሆን ይችላል።

ከሶኬት ለማይነቀል ላፕቶፕ የመሙያ ጣሪያ አስቀምጡ። ብዙ አምራቾች በራሳቸው ፕሮግራም ወይም በባዮስ ውስጥ ባትሪው 80 ከመቶ ላይ እንዲቆም የሚያደርግ ምርጫ አላቸው። ይህ ምርጫ ከሌለ በየዕለቱ ጥቂት ሰዓት ነቅሎ መሥራት ይረዳል። ለወራት የሚቀመጥ ላፕቶፕም ሞልቶም ባዶም አይቀመጥ፤ ግማሽ አካባቢ ይሁን። አልጋ ላይ መሥራት የግድ ከሆነ ከሥሩ ጠንካራ ነገር ይግባ፤ ሰፋ ያለ ትሪ ወይም ሳንቃ ይበቃል። በሳምንት አንድ ጊዜ ሪስታርት ማድረግም አትርሱ።

የቢትሎከርን ነገር ስለራሴ ብያለሁ፤ ወረቀቱ ከላፕቶፑ ቦርሳ ውስጥ አይቀመጥ ብቻ።

## ከሰባት ወር በኋላ

አዲሱ ባትሪ ሲገጠም 40.7 ዋት ሰዓት ይይዝ ነበር፤ በሰባተኛው ወር 39.8 ነው። ሙቀቱ ከ80 ዲግሪ አላለፈም። ውጫዊው ዲስክ በየዓርቡ ይሰካል፤ የመጨረሻውን ቅጂ ቀን ሳየው የሦስት ቀን ዕድሜ ብቻ ነበረው። የሕግ ቃላት ዝርዝሩን ከትርጉሞቻቸው ውስጥ እየለቀሙ መልሰው እየሞሉት ነው፤ ፊደል «መ» ላይ ደርሰዋል። የመሙያ ጣሪያውን ግን 100 ላይ አገኘሁት። ለመንገድ ብለው ቀይረውት ኖሯል፤ ሲመለሱ ረሱት። ወደ 80 መለስሁትና ትራሱ የት እንዳለ ጠየቅሁ። «ሳንቃ አስገብቼበታለሁ» አሉ፤ ሳየው የወጥ ቤት መክተፊያ ነበር።